ስሙን ወስደን ግሱን የተውነው ቋንቋ፦ ኢትዮጵያውያንና ጃፓንኛ

(የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



ንግግሬን በአንድ ስሕተት እጀምራለሁ፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጃፓን ከመጡ አንድ አዛውንት ተመራማሪ ጋር እዚህ አዳማ ለመገናኘት ተቀጣጥረን ነበር። ያን ጊዜ ጃፓንኛ መማር ከጀመርኩ ስድስት ወር ገደማ ሆኖኛል። እርሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ፣ እኔን ለማበረታታት ይመስለኛል፣ በቀጠሯችን ቀን ጠዋት ስልክ ደውለው በቋንቋቸው ቀስ ብለው «አዳማ ኒ ኪቴ ኢማስ» አሉኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ ለይቼ በመስማቴ ደስ አለኝ። «ኩሩ» የሚባለው ግስ መምጣት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። «ቴ ኢማስ» የሚለውን መጨረሻ ደግሞ በእንግሊዝኛ ከተዘጋጀው መጽሐፌ በመደረግ ላይ ያለ ድርጊት ምልክት ነው ብዬ ሸምድጄዋለሁ። ስለዚህ «ወደ አዳማ እየመጣሁ ነው» ያሉኝ መሰለኝ። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በፍጥነት መንገዱም ቢመጣ ጊዜ ይፈጅበታል ብዬ ቡናዬን ተረጋግቼ ጠጣሁ፤ ሁለት ደብዳቤም ጻፍኩ። በመጨረሻ መናኸሪያው በር ስደርስ እንግዳዬን በግንቦት ፀሐይ ላባቸውን እየጠረጉ ቆመው አገኘኋቸው። ለካ ያሉኝ «አዳማ መጥቻለሁ» ኖሯል።

ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርሳቸውም ሳቁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳስበው ግን የስሕተቱ ምክንያት አሳፈረኝ። «ኪቴ» ማለት «መጥቶ» ነው። «ኢማስ» ወይም በተራ አነጋገር «ኢሩ» ማለት «አለ» ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «መጥቶ አለ» ይሆናሉ። አማርኛ ይህንኑ አጣብቆ «መጥቷል» ይላል። ኦሮምኛም እንዲሁ «ዹፌ» እና «ጂራ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣብቆ «ዹፌራ» ይላል። በዚህ ከተማ ገበያ ላይ የሚውል ልጅ ሁሉ በሁለት ቋንቋ በቀን መቶ ጊዜ የሚለውን ነገር፣ እኔ በሦስተኛ ቋንቋ በኩል ዞሬ ስለተማርኩት ሳላውቀው ቀረሁ። ከእንግሊዝኛ ተነሥቼ «መምጣት ላይ ነኝ» ብዬ ተረጎምኩት፤ አማርኛዬን ብጠይቀው ኖሮ ያለ ድካም ይነግረኝ ነበር።

የታሪክ ሰው ነኝና ይህ ገጠመኝ ወደ ሙያዬ መለሰኝ። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ጃፓን ማሰብ ከጀመርን ከ100 ዓመት በላይ ሆኖናል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከጃፓን ብዙ ስሞችን ወስደናል፤ ግሶቿን ግን አልተማርንም። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ይኸው ነው፦ የጃፓንኛን ግስ በቃል መያዝ የጀማሪ ተማሪ የግል ጣጣ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የገዛ ታሪካችንን ለማንበብ የሚጠይቀን ዕዳም ነው። ዕዳውን ለመክፈል የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በእጃችን ነው። ዓመታቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ሌላ ሲሆን እገልጻለሁ።

ጃፓንን በስም ማወቅ

ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል አደረገች። ከ8 ዓመት በኋላ የተጀመረው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት በ1897 ዓ.ም. በጃፓን አሸናፊነት ተፈጸመ። ሁለቱ ድሎች በዘመኑ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ዘንድ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዲት የአውሮፓ ያልሆነች አገር ነጻነቷን ሳታስነካ በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንዴት እንደ ሠለጠነች ማወቅ ትልቅ ጥያቄ ሆነ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የእነዚህን ምሁራን ሐሳብ በሰፊው አጥንተዋል፤ የሁለቱ አገሮች የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ኑሮ መሠረት ምን ያህል የተለያየ እንደነበረም አሳይተዋል።

የጥያቄው የመጀመሪያ ትልቅ ፍሬ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ነው። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አርኣያ ካደረጓቸው ሰነዶች ዋነኛው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ የተማሩ፣ የአውሮፓ ቋንቋዎችን የሚያውቁ ሰው ናቸው። የጃፓንን ሕግ ያገኙት ግን በጃፓንኛ አልነበረም።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1924 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው ወደ ጃፓን ተጓዙ። ልጅ አርአያ አበበ፣ ተፈሪ ገብረ ማርያምና ዳባ ብሩ አብረዋቸው ነበሩ። ብላቴን ጌታ ከጉዟቸው ሲመለሱ ያዩትን ጽፈው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ርእስ አሳተሙ። ርእሱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ አራት ቃላት አሉት፤ አራቱም ስሞች ናቸው። ይህን የምለው ደራሲውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ያዩትን ለወገናቸው በአማርኛ ማድረሳቸው ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው።

ይህ መጽሐፍ ከቋንቋ መማር ጋር የሚያገናኘው አስገራሚ ታሪክ አለው። በ1934 እ.ኤ.አ. «ዳይ ኒሆን» ማለትም «ታላቋ ጃፓን» ተብሎ በጃፓንኛ ቶኪዮ ላይ ታተመ። ተርጓሚዎቹ ጣሊያናዊው ኦሬስቴ ቫካሪና ጃፓናዊት ባለቤቱ ኤንኮ ቫካሪ ናቸው። እነዚሁ ባልና ሚስት ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ ለውጭ አገር ጀማሪዎች የጃፓንኛ ሰዋስው አዘጋጅተው አወጡ። መጽሐፎቻቸውም ለረጅም ዘመን የብዙ የእንግሊዝኛ አንባቢ ተማሪዎች መምህር ሆኑ። እንግዲህ አስቡት፦ የኅሩይን አማርኛ ለጃፓናውያን ያደረሱ እጆች የጃፓንኛን ግስ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተማሩ። በመካከሉ ለአማርኛ አንባቢ የጃፓንኛን ግስ የሚያስተምር ሰው አልተገኘም።

በዚያው ዘመን የጃፓን የጥጥ ጨርቅ በርካሽ ዋጋ ገበያችንን ሞልቶት ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር በአዋሽ፣ በአዳማና በሞጆ በኩል ሲያልፍ የሸቀጡን ጭነት ይዞ ያልፋል። የዚህ ሸለቆ ሰው ጃፓንን መጀመሪያ ያወቃት በትከሻው ላይ በለበሰው አቡጀዴ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬም በአዳማ አስፋልት ላይ ቆሞ የሚያልፈውን የሚቆጥር ሰው ቶዮታ፣ አይሱዙ፣ ሱዙኪ፣ ያማሃ ይላል። እነዚህ ሁሉ ስሞች ናቸው። ስም ከዕቃው ጋር ተጭኖ ይመጣል፤ ግስ ግን ካልተማሩት አይመጣም።

ያለ ግስ የቀረንበት ጊዜ

ግስ አለማወቅ ምን ያስከፍላል የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ወደ 1927 ዓ.ም. ክረምት ልውሰዳችሁ። ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ በኢትዮጵያ በኩል የጃፓን ተስፋ ትልቅ ነበር። በሐምሌ ወር በሮም የጃፓን አምባሳደር የነበሩት ሱጊሙራ ጃፓን በጉዳዩ ጣልቃ የመግባት ሐሳብ እንደሌላት ለሙሶሊኒ ነገሩት። ይህ ሲሰማ በጃፓን ጋዜጦችና በአገር ወዳድ ማኅበራት ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የቶኪዮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ከአምባሳደሩ ቃል ራሱን ለማራቅ ሞከረ። ዳባ ብሩም ድጋፍ ለመጠየቅ በዚያው ዓመት እንደገና ወደ ጃፓን ተላኩ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ግን፣ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ ጃፓን የጣሊያንን ይዞታ በተግባር አወቀች። በአዲስ አበባ የነበረው ሌጋሲዮኗም ወደ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ተለወጠ። ጣሊያን በበኩሏ በማንቹሪያ የጃፓንን ጥቅም የሚያውቅ እርምጃ ወሰደች።

በቶኪዮ መንግሥት፣ በጋዜጦቹና በሕዝቡ መካከል የነበረው ክርክር የተካሄደው በጃፓንኛ ነው። ማን ምን አለ፣ ማን ቃል ገባ፣ ማን ቃሉን አጠፈ የሚለው ሁሉ በአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ በተቀመጠው ግስ ውስጥ ነበር። ጃፓንኛን የሚያነቡ ኢትዮጵያውያን ቢኖሩን ኖሮ ወረራው ይቀር ነበር አልልም፤ እንዲህ ያለ ቃል ከታሪክ ሰው አይጠበቅም። ነገር ግን ያንን ክርክር ዛሬ እንኳ የምናውቀው ሌሎች አንብበው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ በጻፉልን ልክ ነው።

ከነጻነት በኋላ ጥያቄው ተመለሰ። ክቡር ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። እዚህ ርእስ ላይ ግስ አለ፤ «እንደምን» የሚለው ጥያቄም ሂደቱን ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ከበደ ሚካኤልም የፈረንሳይኛ ሊቅ ነበሩ፤ መንገዳቸው በአውሮፓ መጻሕፍት በኩል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ጎበኙ። አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ከባለቤታቸው ጋር በኅዳር 1953 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ፈጽሞ ሁለተኛ ተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቁን አገኘ። ስማችን በእያንዳንዱ የጃፓን ቤት ገባ፤ ስማቸውም በእኛ ዘንድ ታወቀ።

በሌላ በኩል ጃፓናውያን ግሳችንን መማር ጀመሩ። ፉኩይ ካትሱዮሺን የመሰሉ ተመራማሪዎች በኦሞ ሸለቆ ከቦዲ ሕዝብ ጋር ኖረው ቋንቋውን እየተማሩ አጠኑ። በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. 13ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በኪዮቶ ከተማ ተካሄደ። እነርሱ ወደ እኛ የመጡት መዝገበ ቃላት ይዘው ነው። እኛ ወደ እነርሱ ስንሄድ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ይዘን እንሄዳለን፤ በ2007 ዓ.ም. የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው የጃፓን መንግሥት የአፍሪካ ወጣቶች የትምህርት ዕድል እንኳ በአመዛኙ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው።

አምስቱ «ማ»ዎች

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መኳንንትና ስለ ምሁራን ነው። አሁን ወደ ሠራተኛው ልውረድ፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት የጃፓንን ስም ወደ ግስ የመለሰው እርሱ ነው።

በ2000 ዓ.ም. በዮኮሃማ ከተካሄደው የቶኪዮ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ልማት ጉባኤ ወዲህ የኢትዮጵያ መንግሥት «ካይዘን» በሚባለው የሥራ አመራር ላይ ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ጋር መሥራት ጀመረ። ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተደረገ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆና እስከ አዳማ ባሉ ፋብሪካዎች ግድግዳ ላይ አምስት የጃፓን ቃላት መለጠፍ ጀመሩ፦ ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱ፣ ሺትሱኬ። በጃፓንኛ አምስቱም «ሰ» ወይም «ሸ» በሚል ድምፅ ይጀምራሉ፤ ለማስታወስ የሚቀሉትም ስለዚህ ነው።

እነዚህ ቃላት በጃፓንኛ እንደ ስም የሚያገለግሉ ናቸው። «ሴይሪ» ግስ እንዲሆን «ሱሩ» የሚባለውን «አደረገ» የሚል ትርጉም ያለው ግስ መጨመር ያስፈልጋል፤ «ሴይሪ ሱሩ» ይባላል። አማርኛም ባዕድ ቃል ሲቀበል ያው ነው፤ «ኮፒ አደረገ»፣ «ሪፖርት አደረገ» እንላለን። አምስቱን ቃላት ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ግን ይህን ቀላል መንገድ አልተከተሉም። «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ» አሏቸው፤ «አምስቱ ማዎች» ተብለውም ታወቁ። ይህ ትርጉም የሰዋስው ሊቅ የሚያስደስት ነው። «ማ» የተገኘው «መ» እና «አ» ሲጋጠሙ ነው፤ አጣራ፣ አስቀመጠ፣ አጸዳ፣ አላመደ፣ አዘለቀ ከሚሉት ግሶች። አምስቱም ግሶች ባለቤት ይጠይቃሉ። ያጣራ ማን ነው? ያዘለቀስ?

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ በዚህ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ጎበኘን። አስጎብኚያችን አምስቱን የጃፓን ቃላት በቅደም ተከተል አወረዱልን። ከዚያ ከማሽን አጠገብ የቆመች አንዲት ሠራተኛ ጠየቅኋት። የጃፓኑን ቃል አልጠራችም። «መምህር፣ እኔ የማያስፈልገኝን ዕቃ ከአጠገቤ አጣርቼ አወጣለሁ፤ የቀረውን ቦታ ሰጥቼ አስቀምጣለሁ። ትናንት ያጸዳሁትን ዛሬ ካልደገምኩት ግን አልዘለቀም ማለት ነው» አለችኝ። በአንድ ትንፋሽ ግሱን በራሷ መደብ፣ በአሁኑና ባለፈው ጊዜ፣ በአዎንታና በአሉታ አረባችው። ጃፓንኛ አታውቅም፤ ነገሩን ግን ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች። እኔም የጃፓንኛን ግስ በእንግሊዝኛ ዝርዝር መሸምደዴን ያቆምኩት ከዚያች ቀን በኋላ ነው።

ግስ ማውረድ

እንግዲህ በምን ልተካው? መልሱ ለዚህ አገር ሰው ሩቅ አልነበረም። ግስን በቃል መያዝ በኢትዮጵያ የብዙ መቶ ዓመታት ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ የግዕዝን ግስ በዘፈቀደ አይሸመድድም። በተለመደው ቆጠራ 8 አርእስተ ግስ አሉ፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። ሌሎቹ ግሶች የእነዚህ ሠራዊት ይባላሉ፤ እያንዳንዱ በአለቃው ሥር ይሰለፋል። ተማሪው አዲስ ግስ ሲያገኝ መጀመሪያ «የማን ቤት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቤቱን ካወቀ እርባታውን ያውቃል። ከዚያ በ10ሩ መራሕያን እያዘዋወረ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወርደዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ጀምረውት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ በርእሱ ሰዋስውን፣ ግስንና መዝገበ ቃላትን በአንድነት መጥራቱ ግስ በዚህ ትምህርት ውስጥ ያለውን ቦታ ያሳያል።

የጃፓንኛን ግስ በዚህ ዓይን ስመለከተው ቤቶቹ ሦስት ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። የመጀመሪያው «ጎዳን» ይባላል፤ «ባለ አምስት ደረጃ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ኢቺዳን»፣ «ባለ አንድ ደረጃ» ነው። በሦስተኛው ቤት ከሥርዓት የወጡ ሁለት ግሶች ብቻ አሉ፤ «ሱሩ» እና «ኩሩ»፣ ማድረግና መምጣት።

ባለ አምስት ደረጃው የእንግሊዝኛ አንባቢን የሚያደክም ነው፤ ፊደል የቆጠረን ሰው ግን ሊያደክመው አይገባም። «ካኩ» መጻፍ ነው። በፊደላችን ልጻፈው። «ካካናይ» ሲል አይጽፍም፤ «ካኪማስ» ሲል በአክብሮት ይጽፋል፤ «ካኩ» ይጽፋል፤ «ካኬባ» ከጻፈ፤ «ካኮ» እንጻፍ። የሁለተኛውን ፊደል ጉዞ ተከተሉ፦ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ራብዕ፣ ሣልስ፣ ካዕብ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ። ከሰባቱ ድምፆቻችን ግዕዝና ሳድስ ብቻ ቀሩ። «ዮሙ» ማንበብ ነው፤ ዮማናይ፣ ዮሚማስ፣ ዮሙ፣ ዮሜባ፣ ዮሞ። እንደገና ማ፣ ሚ፣ ሙ፣ ሜ፣ ሞ። በልጅነታችን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጠን ያወረድነው ገበታ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተለወጠ። ባለ አንድ ደረጃው ቤት ከዚህም ይቀላል። «ታቤሩ» መብላት ነው፤ «ታቤ» ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ ታቤናይ፣ ታቤማስ፣ ታቤሬባ እያለ ይቀጥላል።

ከዚህ በላይ የሚያበረታታ ነገር አለ። ግዕዝ ለ10 መራሕያን ግሱን ይለዋውጣል። ጃፓንኛ ለሁሉም አንድ ነው፤ እኔም፣ አንተም፣ እነርሱም «ካኩ» ናቸው። አክብሮት ግን እንደ እኛው ቋንቋ ግሱ ውስጥ ይገባል። እኛ «ሄደ» እና «ሄዱ» ብለን ልጁንና ሽማግሌውን እንደምንለይ፣ ጃፓንኛ «ኢኩ» የሚለውን መሄድ ለተከበረ ሰው «ኢራሻሩ» ይለዋል። የግሱ ቦታም እንደ አማርኛና እንደ ኦሮምኛ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሊቃውንቱ ማሰሪያ አንቀጽ ያሉት ስም ለጃፓንኛም ይሠራል።

ጀማሪ ሁሉ የሚፈራው «ቴ» የሚባለው ቅርጽ ደግሞ የእኛ ቦዝ አንቀጽ ዘመድ ነው። «ታቤቴ» በልቶ፣ «ካይቴ» ጽፎ፣ «ዮንዴ» አንብቦ። «ታቤቴ ኢታ» ሲል በልቶ ሄደ፤ በኦሮምኛ «ኛቴ ዴሜ»። «ታቤቴ ሚሩ» ቃል በቃል በልቶ ማየት ነው፤ እኛ «እስኪ ቀምሰህ እየው» እንደምንለው ሁሉ እርሱም መሞከርን ያመለክታል። «ሱዋቴ ኢሩ» ተቀምጧል፣ «ታቴ ኢሩ» ቆሟል፣ «ሺንዴ ኢሩ» ሞቷል።

ይሁንና ዝምድናው በሁሉም ቦታ አይሠራምና ማስጠንቀቅ አለብኝ። «ዮንዴ ኢሩ» ሲባል ብዙ ጊዜ «እያነበበ ነው» ማለት ነው። ልዩነቱ ከግሱ ጠባይ ይመጣል። መምጣት፣ መቀመጥ፣ መሞት በአንድ ጊዜ ተፈጽመው ሁኔታ ይተዋሉ፤ ማንበብና መብላት ግን እየተደረጉ ይቆያሉ። ስለዚህ ተማሪው እያንዳንዱን ግስ ከቤቱ፣ ከ«ቴ» ቅርጹና ከአንድ ሙሉ አረፍተ ነገር ጋር ይያዝ። ብቻውን የተሸመደደ ግስ ሠራዊቱን እንደ ጠፋው ወታደር ነው።

የቀረልን ሥራ

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እንግሊዝኛው ይበቃል» ትሉ ይሆናል። እንግሊዝኛን አልንቅም፤ ብዙ በር ከፍቶልኛል። መናኸሪያው በር ላይ ያቆመኝ ግን በእርሱ በኩል ብቻ ለማየት መምረጤ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይን ጉዞ የዘገቡ የጃፓን ጋዜጦች፣ የ1927 ዓ.ም. ክርክር፣ የቶኪዮ የዲፕሎማሲ ሰነዶች የእኛም ታሪክ ናቸው። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እነዚህን ሊያነብ ሲነሣ ሦስት ዓይነት ጽሕፈትና ብዙ ሺህ የቻይና ምልክቶች ይጠብቁታል፤ ይህን አቅልዬ አላወራም። ግሱን ይዞ የተነሣ ሰው ግን ቢያንስ አረፍተ ነገሩ የት እንደሚታሰር ያውቃል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለተማሪዎች ላቅርብ። 200 የጃፓንኛ ግሶች በየቤታቸው ተመድበው፣ በፊደል ተጽፈው፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተፈትተው በአንድ ደብተር ይሰብሰቡ። ሥራው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። አማርኛውን አጥርቶ የሚያውቅ፣ ኦሮምኛውን አጥርቶ የሚያውቅና ጃፓንኛውን የሚያርም ሰው ያስፈልጋሉ። በአዳማ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየክፍሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ሦስተኛውን ለመፈለግ እኔ ቃል እገባለሁ፤ መናኸሪያው በር ላይ ያቆምኳቸው ሽማግሌ ደብዳቤዬን እንደማይመልሱት ተስፋ አለኝ።

ከእርሳቸው ጋር እስከ ዛሬ እንጻጻፋለን። ባለፈው ክረምት እንደገና ወደዚህ ሲመጡ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ «አዳማ ኒ ኪቴ ኢማስ» አሉኝ። ቡናውን ሳልጠጣ ወጣሁ።